ሕጉን ያስቀየረው ባለ መነጽር

ባለፈው እትም ስለ ቅርጫት ኳስ ስጽፍ የድሮውን አሜሪካዊ ተጫዋች የጆርጅ ማይካንን ስም በግማሽ ዓረፍተ ነገር አልፌው ነበር። «ከጆርዳንም ከሻኪልም በፊት ማይካን ነበረ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ከፍኖተ ሰላም፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሞጣ። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምድ በሙሉ የጎጃም አንባቢዎች ነው፤ በሙሉም ስለ አንድ ሰው ነው። ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፣ ይህን ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም፣ የስፖርት መምህር

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነኝ። መጽሔቱን ይዤ ክፍል ገባሁና ለተማሪዎቼ ስለ ማይካን ነገርኳቸው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ወዲያው የድሮ ቪዲዮ አገኘ። ጥቁርና ነጭ ነው። ወፍራም መነጽር ያደረገ ረጅም ሰው ቀስ ብሎ ይዞርና ኳሷን ከራሱ በላይ አዙሮ ይጥላታል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ቢጫወት አንድ ነጥብ አያገባም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁ። ምን ልበላቸው?

መልስ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጆቹ ያዩት ነገር ውሸት አይደለም። ሰውየው ፈጣን አልነበረም፣ ከፍ ብሎም አይዘልም። ግን ነገ ክፍል ሲገቡ አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ። አበበ ቢቂላ ቀርፋፋ ነበር?

አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው የገባው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። በ2023 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገባች። ከሁለቱም የአበበ ሰዓት ትቀድማለች። እንግዲህ አበበን ቀርፋፋ የሚል ሰው ከፍኖተ ሰላም እስከ ደጀን ፈልጎ የሚያገኝ አለ? የለም። ጫማው፣ ልምምዱ፣ ምግቡ፣ መንገዱ ሁሉ እንደተለወጠ እናውቃለን፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትዕግስት የሮጠችበትን መንገድ መጀመሪያ የከፈተው አበበ መሆኑን እናውቃለን። ለአበበ የምንሰጠውን ሚዛን ለማይካንም እንስጠው ነው የምለው።

በዚያ ሚዛን ሲለካ ምን ያህል ነበር? ማይካን በ1924 በኢሊኖይ ግዛት፣ ጆሊየት በምትባል ከተማ ተወለደ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ነው። በ1946 ፕሮፌሽናል ሆነ። በ1947 ከቺካጎ ጊርስ ጋር ዋንጫ አነሣ። ክለቡ ፈረሰና ወደ ሚኒያፖሊስ ሌከርስ ሄደ፤ አዎ፣ ያው ዛሬ ሎስ አንጀለስ ያለው ሌከርስ ነው፣ ወደዚያ የተዛወረው በ1960 ነው። እዚያም በ1948፣ በ1949፣ በ1950፣ በ1952፣ በ1953 እና በ1954 ሻምፒዮን ሆነ። የአሜሪካው ታላቅ የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ከእነዚህ ውስጥ አምስቱን ብቻ እንደ ራሱ ይቆጥራቸዋል፤ የ1947 እና የ1948ቱ ኤንቢኤን ከፈጠሩት ሁለት ሊጎች በአንደኛው የተገኙ ስለሆኑ በመዝገቡ የሉም። ብቻውን አላሸነፈም። ጂም ፖላርድ፣ ቨርን ሚከልሰን፣ ስሌተር ማርቲን ከጎኑ ነበሩ፣ አሰልጣኙም ጆን ከንድላ። ግን ቲኬቱን የሚሸጠው እሱ ነበር። በ1949 መጨረሻ ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በር ላይ በመብራት የተጻፈው ማስታወቂያ «ዛሬ ማታ ጆርጅ ማይካን ከኒክስ» ይላል። ኒክስ የኒው ዮርኩ ቡድን ነው፤ የሌከርስ ስም ግን የለም። የቡድን ጓደኞቹ መልበሻ ቤት ገብተው ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ቁጭ አሉ። «በል፣ ብቻህን ግጠማቸው» አሉት።

በ1950 የአሜሪካ ጋዜጠኞች በአሶሼትድ ፕሬስ በኩል ድምፅ ሰጥተው የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ታላቅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እሱ ነው አሉ።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ቢነግሯቸው ግን አይሰሙዎትም ይሆናል። ዋንጫና ቁጥር ለልጅ ሩቅ ነው። ስለዚህ ሜትር ይያዙና ወደ ሜዳ ይዘዋቸው ይውጡ።

ቅርጫቱ ሥር የተቀባችውን ሳጥን ያስለኩ፣ አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳይቆም የምንከለክለውን ቦታ። ቀለሙ በአዲሱ ሕግ የተቀባ ከሆነ ስፋቱ 4 ሜትር ከ90 ነው። ሲሚንቶው የቆየ ከሆነ ደግሞ ወደ ቅርጫቱ እየሰፋ የሚሄደው የድሮው ቅርጽ ይሆናል፣ ከታች 6 ሜትር የሚደርሰው። ማይካን ኤንቢኤ ሲጫወት የነበረው ሳጥን ስንት ነበር? 1 ሜትር ከ83። ከአንድ ሰው ቁመት አይበልጥም። ማይካን ከሳጥኑ ጠርዝ ውጭ ይቆማል፣ ሦስት ሰከንድ አይቆጠርበትም፣ ኳሷን ይቀበላል፣ አንድ እርምጃ፣ አንድ ዙር፣ አለቀ። ሊጉ ሲጨንቀው በ1951 ሳጥኑን ወደ 3 ሜትር ከ66 አሰፋው። እጥፍ ማለት ነው። ያኔ ሁሉም «የማይካን ሕግ» ነበር የሚለው። ከቅርጫቱ አርቀው አቆሙት።

ምን ሆነ? በፊት በነበረው የውድድር ዘመን በአማካይ 28.4 ነጥብ ያገባ ነበር፤ ወደ 23.8 ወረደ። ሕጉ ሠራ። ግን በዚያው የውድድር ዘመን፣ ጥር 20 ቀን 1952፣ በሰፊው ሳጥን፣ ሮቸስተር ሮያልስ ላይ 61 ነጥብ አገባ። ቡድኑ በሁለት ተጨማሪ ሰዓት ያገባው በጠቅላላ 91 ነው። ዋንጫውንም በሰፊው ሳጥን ሦስት ዓመት በተከታታይ በላ። እኔ ማይካንን ስወድ የምወደው እዚህ ላይ ነው። መንገዱን ሲዘጉበት ሌላ መንገድ ፈለገ እንጂ አላኮረፈም።

ይህ እንግዲህ አንዱ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲ እያለ ሌላም ሕግ አስቀይሯል። ያኔ ወደ ቅርጫቱ እየወረደች ያለችን ኳስ መምታት አይከለከልም ነበር። ማይካን ቅርጫቱ አጠገብ ቆሞ ኳሶቹን እንደ ዝንብ ያባርራቸዋል። እሱና ቦብ ከርላንድ የሚባል ሌላ ረጅም ልጅ ስላስቸገሩ በ1944 ተከለከለ። ዛሬ ተማሪዎችዎ ሲጫወቱ አንዱ የምትወርድ ኳስ ቢመታ ፊሽካ ይነፋሉ አይደል? ያ ፊሽካ የእነሱ ነው።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ይህን ከገና ጨዋታ ጋር አያይዘው ቢነግሯቸው ይገባቸዋል። ገና ስንጫወት ሰዓት የሚቆጥርብን የለም፣ ሩሯን የያዘ ወገን ደስ እስኪለው ይገፋታል። የቅርጫት ኳስም እንደዚያ ነበር፤ ኳሷን ከያዝክ ተኩስ የሚልህ የለም። ኅዳር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ገቡ። ማይካንን በጨዋታ እንደማይችሉት ያውቃሉ። ስለዚህ ኳሷን ይዘው ቆሙ። ቆሙ ስል ቆሙ ነው፣ እርስ በርስ እየተቀባበሉ ደቂቃውን ይበሉታል፣ ተመልካቹ ይጮኻል፣ እነሱ ኳሷን ታቅፈዋል። ጨዋታው 19 ለ 18 አለቀ፣ ፒስተንስ አሸነፉ። በኤንቢኤ ታሪክ እንደዚያ ያለ ትንሽ ውጤት የለም። ከሌከርስ 18 ነጥብ ውስጥ 15ቱን ያገባው ማይካን ነው። አስቡት፣ አንድን ሰው ፈርቶ አንድ ሙሉ ቡድን አልጫወትም ሲል።

እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ሰው ያባርራል። በ1954 የሲራክዩዝ ክለብ ባለቤት ዳኒ ቢያሶን መላ አመጣ። የ48 ደቂቃው ጨዋታ 2,880 ሰከንድ ነው፤ ደህና ጨዋታ ላይ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው ወደ 120 ጊዜ ይተኩሳሉ፤ ሲካፈል 24። ኳሷን የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ይተኩስ የሚለው ሰዓት የተወለደው እንዲህ ነው። አንድ ቡድን በጨዋታ የሚያገባው ነጥብ ከ79.5 በአንድ ዓመት ወደ 93.1 ወጣ። ሰዓቱን ያመጣው ማይካን ብቻ ነው አልልም፣ ሌሎችም ኳስ እያቀፉ ይቆሙ ነበር። ግን ያ 19 ለ 18 ሁልጊዜ የሚነሣ ምስክር ነው።

አሁን ልጆቹ «ዛሬ አንድ ነጥብ አያገባም» ሲሉ የሚያዩት ሜዳ፣ ሳጥኑ፣ ሰዓቱ፣ ፊሽካው፣ እሱን ለመቻል ሲባል የተለወጠ ሜዳ መሆኑን ይንገሯቸው። ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ የሚጫወት ሴንተር የሚባል ነገር በእሱ ነው የተጀመረው ለማለት ይቻላል። ከእሱ በፊት አሰልጣኞች ረጅም ሰው ለዚህ ጨዋታ አይሆንም፣ እግሩ ይወሳሰብበታል ይሉ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። ሰዓቱ ሲመጣ እሱ ጫማውን ሰቅሎ ነበር። በ1956 ተመልሶ ሞከረ፣ 37 ጨዋታ ተጫወተ፣ በአማካይ 10.5 ነጥብ። ሰውነቱ አልቆ ነበር፣ ጨዋታውም ፈጥኖበታል። ተማሪዎችዎ እዚህ ላይ ትክክል ናቸው፤ ይህንንም ይመኑላቸው። መምህር ሲያምን ልጅ የቀረውን ይሰማል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ሴት ነኝ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ80 ነው፣ መነጽርም አደርጋለሁ። ቅርጫት ኳስ ጀምሬያለሁ ግን እግሬ አይታዘዘኝም። ልጆቹ «የስልክ እንጨት» ይሉኛል። አሰልጣኛችን ቅርጫቱ ሥር ቁሚ ይለኛል እንጂ ሌላ ምንም አያሳየኝም። ማይካን መነጽር እያደረገ እንዴት ተጫወተ? ምን እየሠራ ነው የተማረው?

መልስ

እታለም፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ደብረ ማርቆስ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው ያደግሁት። ከእኛ ጋር ረጅም ባለ መነጽር ልጅ ነበረ። አሰልጣኙ «መነጽርህ ይሰበራል፣ ሂድ ቼዝ ተጫወት» ብሎ አስወጣው። ሁላችንም ዝም አልን። ዛሬም ድረስ ያ ዝምታችን ይቆጨኛል።

ማይካንንም ይኸው ነው የገጠመው። ልጅ ሳለ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ዓመት ተኩል ያህል አልጋ ላይ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ አሰልጣኙ ዓይኑን ሲያጨነቁር አይቶ መነጽር እንደሚያደርግ አወቀ፤ በመነጽር አይጫወትም ብሎ መለሰው። ከዚያ ቺካጎ የካቶሊክ ካህናት ማሠልጠኛ ገባ። ቄስ ሊሆን ነበር፣ እንደ እኛ የቆሎ ተማሪ በዪው። በኋላ ኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሞከረ፤ እዚያ ያለው አሰልጣኝ ይህ ልጅ አይሆንም ብሎ ቺካጎ ወዳለው ዴፖል ዩኒቨርሲቲ መለሰው።

ዴፖል ላይ በ1942 አንድ ወጣት አሰልጣኝ አገኘው፣ ሬይ ሜየር። ይህ ሰው ቁም አላለውም። ገመድ አዘለለው። እንደ ቦክሰኛ ብቻውን አየር እያስመታ እግሩን አፍታታው። ከአጫጭርና ፈጣን ልጆች ጋር አንድ ለአንድ አጋጠመው። አጭር ቁመት ያላት ተማሪ አምጥቶ ዳንስ አስተማረው፣ እግሩ ምት እንዲይዝ። ጭፈራ እንግዲህ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም፤ እስክስታ የምትችል ልጅ ትከሻዋና እግሯ ይታዘዛታል፣ ስለዚህ ሠርግ ላይ አትቀመጪ።

ከዚያ ዋናው ልምምድ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ አሰልጣኝ ሁሉ «ማይካን ድሪል» ይለዋል። ብዙው የሚያሠራው ሰውየው ማን እንደሆነ አያውቅም። የዋሸራ ቅኔ እንደምንለው ነው፤ ዛሬ በዋሸራ መንገድ የሚቀኝ ሁሉ ዋሸራን አልረገጠም፣ መንገዱ ግን የዚያ ቤት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ሰሌዳ ያለው ቅርጫትና አንድ ኳስ ይበቃል። ቅርጫቱ ሥር ቁሚ። በግራ እግርሽ ተነሺና በቀኝ እጅሽ ከቅርጫቱ በስተቀኝ ሰሌዳው ላይ መትተሽ አግቢ። ኳሷ መሬት ሳትነካ ከመረቡ ሥር ተቀበያት። እጅሽን ወደ ታች አታውርጂ፣ ኳሷ ከአገጭሽ በታች እንዳትወርድ፤ ካወረድሻት አጭሯ ልጅ ትነጥቅሻለች። ወደ ግራ ተሻገሪ። አሁን በቀኝ እግርሽ ተነሺና በግራ እጅሽ አግቢ። ተቀበዪ፣ ወደ ቀኝ። እንዲህ ሳትቆሚ። መጀመሪያ ቀስ ብለሽ 20፣ ከዚያ 50፣ ከዚያ 100። የመጀመሪያው ሳምንት ግራ እጅሽ ያስለቅስሻል። አትተይው። ማይካን በቀን በመቶ የሚቆጠሩ ኳሶች እየጣለ ነው ሁለቱን እጁን እኩል ያደረገው፤ ሁለት እጅ ያለውን ሰው በየት በኩል ትጠብቂዋለሽ?

ለመነጽሩ ደግሞ ከኋላ የሚያጠብቅ ላስቲክ እሰሪ። ማይካንም አስሮ ነው የተጫወተው። ብርጭቆ ከሆነ ወደ ፕላስቲክ ሌንስ ብትቀይሪው ይሻላል፣ ለዓይንሽ።

ሜየር ዘንድ ከገባ ከሦስት ዓመት በኋላ ያ አይሆንም የተባለው ልጅ በ1945 ኒው ዮርክ ላይ ሮድ አይላንድን ሲገጥም 53 ነጥብ አገባ። ጨዋታው 97 ለ 53 ነው ያለቀው። አይተሻል? የሌላው ቡድን ሁሉ ተደምሮ ያገባውን እሱ ብቻውን አገባ።

በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ግራ እጅሽ ስንት እንደደረሰ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

ጽሑፍህን አነበብኩ ወንድሜ፣ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በማይካን ጊዜ ኤንቢኤ ውስጥ ጥቁር ተጫዋች አልነበረም ይባላል። ታዲያ ከግማሹ ሰው ጋር ሳይጋጠሙ ታላቅ መባል እንዴት ነው?

መልስ

ተገቢ ጥያቄ ነው። ሊጉ እስከ 1950 ድረስ ጥቁር አልነበረበትም። በዚያ ዓመት ነው ቦስተን ቸክ ኩፐርን የመረጠው፣ ኒው ዮርክ ናት ክሊፍተንን ያስፈረመው፣ ጥቅምት 31 ቀንም ኧርል ሎይድ ለዋሽንግተን የገባው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ቁጥራቸው ጥቂት ነበር። ይህ በደል ነው። በደሉ የተፈጸመባቸው ደግሞ ማይካን ሳይሆን እነዚያ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ተጫዋቾች ናቸው። የ1940ዎቹን ማንኛውንም ቁጥር ስናነብ ይህን አብረን ማንበብ አለብን።

ግን ማይካን ከጥቁር ተጫዋቾች ጋር አልተጋጠመም ማለት ስሕተት ነው። የካቲት 1948 ቺካጎ ስታዲየም ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ ሰው ባለበት ሌከርስ ከሃርለም ግሎብትሮተርስ ጋር ተጫወቱ። ዛሬ ግሎብትሮተርስ ስንል የሰርከስ ነገር ይመስለናል፤ ያኔ እውነተኛ ኃይለኛ ቡድን ነበሩ። 61 ለ 59 አሸነፉ። የመጨረሻውን ኳስ ኤርመር ሮቢንሰን ከሩቅ ተኩሶ ነው ያገባው። በ1949ም ደገሙት። ማይካን ተሸነፈ፣ ይህ መጻፍ አለበት። ጥቁሮች ይህን ሊግ አይችሉም የሚለውን ወሬ ያፈረሰውም ያ ጨዋታ ነው፤ ትልቅነቱም ያሸነፉት ማይካንን በመሆኑ ነው። ደካማ ቡድን ቢያሸንፉ ማን ይሰማቸው ነበር?

በዚያው በ1948 ሚያዝያ ላይ የዓለም ፕሮፌሽናሎች ውድድር በሚባለው ፍጻሜ ሌከርስ ኒው ዮርክ ሬንስን አገኙ። ሬንስ ከሃርለም የተነሡ የጥቁሮች ቡድን ናቸው፣ ክሊፍተንም እነሱ ጋ ነበር። ሌከርስ 75 ለ 71 አሸነፉ። ማይካን 40 አገባ። እንግዲህ ከምርጦቹ ጋር ሲገናኝ እንዴት እንደነበረ ከእነዚህ ጨዋታዎች ተነሥተህ ራስህ ፍረድ። እኔ ፈርጄያለሁ፣ ታላቅ ነበር እላለሁ። የዘመኑ ሁሉ ታላቅ ነበር ብዬ ግን አልምልም፣ ያልተፈቀደላቸውን ሰዎች ማንም አላያቸውምና።

ሌላም ልጨምርልህ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ ከሩቅ ስትተኩስ የምትቆምበት የሦስት ነጥብ መስመር አለ አይደል? እሱን የፈጠረው ማይካን አይደለም፤ በ1961 ባቋቋመው ሊግ ያስጀመረው የግሎብትሮተርስ ባለቤት አቤ ሳፐርስታይን ነው። ያ ሊግ ፈርሶ መስመሩም አብሮ ጠፍቶ ነበር። በ1967 ኤቢኤ የሚባል አዲስ ሊግ ሲቋቋም የመጀመሪያው ኮሚሽነር ማይካን ሆነ፤ መስመሩን መልሶ ያመጣው እሱ ነው። ለአጭር ተጫዋች ዕድል ይሰጣል፣ ሜዳውንም ይከፍታል ብሎ። ኤንቢኤ የተቀበለው በ1979 ነው። ረጃጅሞቹን ወደ ቅርጫቱ ያስጠጋው ሰው፣ ዛሬ ስቴፈን ከሪ የሚተኩስበትን በር ለአጫጭሮቹ ከፈተላቸው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ከሞጣ፣ ነጋዴ

እኔ ስፖርት ብዙም አላውቅ፣ ልጄ አንብቦልኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እንዲህ ያለ ሰው መቼም ሀብታም ሆኖ ነው የሞተው?

መልስ

አያ፣ አይደለም። የመጀመሪያ ውሉ በዓመት 12 ሺህ ዶላር ነበር። ለዚያ ጊዜ ትልቅ ነው፣ ዛሬ አንድ ተቀያሪ በአንድ ጨዋታ ከዚያ በላይ ያገኛል። ሞኝ ሰውም አልነበረም። እየተጫወተ ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆኗል። በ1956 ለአሜሪካ ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ሲጫወት ደግሞ ይመቱት ነበር፤ ክርን፣ ጡጫ፣ ሁሉም። አሥር ያህል አጥንቱ ተሰብሯል። በ1949 የፍጻሜ ጨዋታ አራተኛው ላይ እጁ ተሰበረ። በአምስተኛው በጀሶ ተጠቅልሎ ገብቶ 22 ነጥብ አገባ። ሻምፒዮን ሆኑ።

ሲያረጅ ስኳር ያዘው። ኩላሊቱ ደከመ። በ2000 አንድ እግሩ ተቆረጠ። ለሕክምናው ሲል ከጨዋታ ዘመኑ ያስቀመጣቸውን ማስታወሻዎች ሸጠ። ሊጉ ለድሮ ተጫዋቾች የሚሰጠው ጡረታ ትንሽ ነበር፤ ማይካን በሽተኛ ሆኖም ከ1965 በፊት ለተጫወቱ ጓደኞቹ ጭምር ይጨመር እያለ ይሟገት ነበር። ሰኔ 1 ቀን 2005 አሪዞና ውስጥ ሞተ፣ 81 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ተኩል ሲቀረው።

የቀብሩን ወጪ የከፈለው በኋላ ዘመን ለሌከርስ የተጫወተው ግዙፉ ሻኪል ኦኒል ነው። ልጅዎን ይጠይቁት፣ ሻኪልን ያውቀዋል። ዝምድና የላቸውም። ረጅም ሰው ቅርጫት ሥር ምን እንደሚሠራ ከማን እንደመጣ ስለሚያውቅ ብቻ ነው ያደረገው።

ሌከርስ በ2002 የሚኒያፖሊሶቹን ስም ባንዲራ ላይ ጽፈው ሰቀሉላቸው፣ ቁጥራቸውን ግን አልሰቀሉም። የማይካን ቁጥር 99 ነበር። ጥቅምት 30 ቀን 2022 ነው በመጨረሻ ወደ ላይ የወጣው፣ ከሞተ 17 ዓመት በኋላ። አሁን ሎስ አንጀለስ ያ ሜዳ የገባ ሰው ቀና ሲል ከሻኪል 34 ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ ያየዋል።